ብረት ቂም ይይዛል

ዛሬ የምናወራው ስለ ብረት ነው። «ደግሞ ምን ነካችሁ! ጋዜጠኝነት ተምራችሁ ከብረት ጋር ምን አገናኛችሁ?» እንደምትሉን እናውቃለን። እውነታችሁን ነው። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ስለ ብረት የምናውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ይጠነክራል፣ ይዝጋል። በቃ። አሰላ ደርሰን ከተመለስን ወዲህ ግን ሦስተኛ ነገር ጨመርን። ብረት ቂም ይይዛል።

ቀልድ አይደለም። እስቲ ከመጀመሪያው እንጀምርላችሁ።

ኅዳር በአሰላ

በኅዳር ከአዳማ ተነስታችሁ በዴራ፣ በኢተያና በጎንዴ በኩል ወደ አሰላ ስትወጡ መንገዱ ግራና ቀኙ ስንዴ ነው። ከፊት የጭላሎ ተራራ፣ ከመንገዱ ዳር ኮምባይነር። የአርሲ ደጋ በዚህ ሰሞን እንቅልፍ የለውም። ያልታሰበ ዝናብ ሳይመጣ አዝመራው መግባት አለበት። ኮምባይነር ሲሰበር መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ የለም። ስለዚህ የተሰበረው ሁሉ ወደ ብየዳ ቤት ይሄዳል።

እኛ የሄድነው ስለ አዝመራው ልንጽፍ ነበር። አንድ ብየዳ ቤት በር ላይ ግን ቆመን ቀረን። ውስጥ ሃያ ዓመት የሞላው የማይመስል ልጅ ጥቁር መነጽር አድርጎ የኮምባይነር ብረት ይበይዳል። የገረመን አበያየዱ ነው። ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ እስከ ሌላው ጫፍ አይሄድም። እዚህ ጋ ትንሽ፣ እዚያ ጋ ትንሽ፣ ከዚያ ገልብጦ በጀርባው ትንሽ። ቆም ይልና ደግሞ ይቀጥላል። ሥራ የጠላ ነው የሚመስለው።

የቤቱ ባለቤት ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። «ጋዜጠኞች ናችሁ? እንግዲያው የመብራቱን መጥፋት ጻፉልን» ብለው ተቀበሉን። እንጽፋለን ብለን ቃል ገባንና (ይኸው ጻፍን ጋሼ!) ልጁ ለምን እየቆራረጠ እንደሚበይድ ጠየቅናቸው።

«ዝም ብሎ ቢለቀው ብረቱ ይስበዋላ» አሉን።

«ማነው የሚስበው?»

ሳቁብን። ከዚያ መሬት ከወዳደቀው መካከል ክንድ የሚያህል ቀጭን ላሜራ አንስተው ለልጁ ሰጡትና በአንዱ ዳር ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ የብየዳ መስመር እንዲያሰምርበት አዘዙት። ልጁ አሰመረበት። ሲበርድ አየነው። ቀጥ ያለው ላሜራ እንደ ቀስት ጎብጧል። ማን ገፋው? ማንም። ማን ጫነው? ማንም። ብቻውን ቁጭ ባለበት ጎበጠ።

«ይኼ የታየው ነው ልጆች» አሉ ጋሼ። «የሚያስፈራው ታስሮ ሳይጎብጥ የቀረው ነው።»

ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ምክንያት ነው።

ምጣድና ከበሮ

ጋሼ ያሉንን ለመረዳት ብዙ አነበብን፣ የሚያውቁ መሐንዲሶችንም ጠየቅን። የገባንን ያህል እነሆ።

የጋለ የሸክላ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ቢፈስ ምን እንደሚሆን የማያውቅ የለም። ምጣዱ የሚሰነጠቀው ሙቀት ስለበዛበት አይደለም፤ ሙቀቱንማ ለምዶታል። የሚሰነጠቀው ውኃ የነካው ቦታ ሲሰበሰብ ያልነካው አልሰበሰብ ስላለ ነው። አንዱ ይጎትታል፣ ሌላው እምቢ ይላል።

ብረትም እንዲሁ ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ብረት ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር በ1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ዳርና ዳሩ ተይዞ እንዳይረዝም ቢከለከል፣ ተራ የግንባታ ብረት ወደ ነበረበት መመለስ ወደማይችልበት ገደብ ለመድረስ ያቺ 100 ዲግሪ ገደማ ትበቃዋለች። ብየዳው የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ብረቱ እስኪቀልጥ ድረስ ወደ 1,500 ዲግሪ ይግላል። የጋለው መስመር መለጠጥ ይፈልጋል፤ በዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት አያስኬደውም። ስለዚህ እዚያው ለስልሶ ይጨመቃል። ሲበርድ ደግሞ በተራው መሰብሰብ ይፈልጋል፤ አሁንም ዙሪያው አይለቀውም። ቀጭን ከሆነና ካልታሰረ ይጎብጣል። ወፍራም ከሆነ ወይም ከሌላ ብረት ጋር ተጠፍሮ ከተያዘ ግን አይጎብጥም፤ እንደተወጠረ ይቀራል። ይህን «ቀሪ ውጥረት» ብለን እንጥራው።

ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ከበሮ አስቡ። ማንም አልመታውም፣ ቆዳው ግን ተወጥሯል። ከበሮው በዝምታ ላይም ሆኖ ውጥር ነው። የተበየደ ብረትም ማንም ሳይረግጠው፣ ምንም ሳይጫንበት ውስጡ እንዲያ ነው።

ስንት ያህል? በብየዳው አካባቢ የሚቀረው ውጥረት ብረቱ ሊሸከም እስከሚችለው ገደብ ድረስ ሊደርስ ይችላል። ለተራ ብረት ይህ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር 25 ኪሎ ገደማ ነው። በአርሲኛ እናስላው ካላችሁ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር በምታህል አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 25 ኩንታል ስንዴ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ከውጭ ግን ምንም አይታይም፤ ምክንያቱም ብየዳው አጠገብ ያለው ሲጎተት ራቅ ያለው ይጨመቃልና ሁለቱ ተቻችለው ይቀመጣሉ። የተቻቻሉ መስለው የተኳረፉ ሰዎችን አይታችሁ ታውቁ የለ?

በኦክስጅን እሳት መቁረጥም ያው ነው። የተቆረጠው ጠርዝ ግሎ በመብረዱ ይወጠራል፣ ላዩም ይደርቃል። የቆራጩ እጅ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ጠርዙ ላይ ጥርስ ጥርስ የሚያህሉ ጉድጓዶች ይቀራሉ። ስንጥቅ እንዲህ ያለ ቦታ ነው የሚፈልገው።

ሦስት ጠባሳ

ይህ ሁሉ የኮምባይነር ጉዳይ ሆኖ ቢቀር ኖሮ አንጽፈውም ነበር። በማግስቱ ግን ከከተማው ወጣ ብለን ወደ አንድ ገጠር ስንሄድ አንድ ወንዝ ላይ ትንሽ የብረት ድልድይ አገኘን። የቦታውን ስም አንጠራም፤ ነገራችን ከአንድ ቀበሌ ጋር አይደለም። ሁለት ተሸካሚ ብረቶች፣ በላያቸው የላሜራ ወለል። ገበያ ቀን ስለነበር አህያ የሚነዱ እናቶች፣ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ አልፎ አልፎም ስንዴ የጫነ አይሱዙ ያልፍበታል። አይሱዙው ሲረግጠው ወለሉ «ቋ» ይላል።

ያገሩ ልጅ የሆነ ወጣት ወደ ታች ወስዶ አሳየን። ወለሉ ከተሸካሚው ጋር በተበየደበት መስመር ዳር ስንጥቅ ነበረ። በስንጥቁ ላይ ብየዳ ተደርጓል። ከዚያ ብየዳ ዳር ሌላ ስንጥቅ ወጥቷል። እሱም ተበይዷል። ከሁለተኛው ቀጥሎ ደግሞ ሦስተኛ፤ በዚህኛው ላይ ቁራጭ ላሜራ ተለጥፎ ዙሪያውን ተበይዷል። «በየዓመቱ እናስበይደዋለን» አለን ልጁ፣ ኩራትም ምሬትም ባለበት ድምፅ። «ብረቱ የቻይና ስለሆነ ነው መሰለኝ።»

እኛ ደግሞ ትናንት የጎበጠችው ላሜራ ትዝ አለችን። ብረቱ ያልበደለ ቢሆንስ? ስንጥቁን ለማዳን የሚፈሰው ብየዳ ራሱ አዲስ ውጥረት እየከተተ፣ ችግሩን አንድ ስንዝር ወደ ጎን እየገፋው ቢሆንስ?

የድልድይ ወለል ከሌላው የብረት ሥራ የሚለየው በመደጋገሙ ነው። እያንዳንዱ ጎማ ወለሉን በጥቂቱ ያጎብጠዋል፣ ሲያልፍ ይለቀዋል። በሺህ፣ በመቶ ሺህ ጊዜ። ሽቦ እያጠፋችሁ ስትመልሱት እንደሚበጠሰው ብረት በአንድ ከባድ ጭነት ሳይሆን በብዙ ቀላል ጭነት ይደክማል። ስንጥቅ እንዲያድግ የሚጎትተው ነገር ይፈልጋል። ጎማው ሲያርፍ የሚጨመቅ ቦታ ላይ ስንጥቅ ባልወጣ ነበር። ነገር ግን ቦታው አስቀድሞ በቀሪ ውጥረት እስከ ገደቡ ከተጎተተ ጎማው የሚያደርገው ጉተታውን ማርገብና መልሶ መወጠር ብቻ ነው። ስለዚህ በስሌት «እዚህ ጋ አይሰነጠቅም» በተባለበት ቦታ ይሰነጠቃል።

ሌሎችም ተምረውበታል

እኛ ብቻ ነን የተታለልነው ብላችሁ አትዘኑ። ቤልጅየም ውስጥ ሀሰልት በተባለ ቦታ በአልበርት ቦይ ላይ የተሠራው ሙሉ በሙሉ የተበየደ የብረት ድልድይ ከተሠራ ብዙም ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1938 ተሰንጥቆ ቦዩ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ብየዳ አዲስ ነገር ነበር። በሪቬት የተያያዘ ድልድይ ላይ ስንጥቅ የአንዱ ብረት ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ የተበየደ ድልድይ ግን አንድ አካል ነውና ስንጥቁ መንገዱን አያጣም። የእኛ ሥጋት ድካሙ ነው። ትምህርቱ ግን አንድ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የሜልቦርኑ የኪንግ ስትሪት ድልድይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ተከፈተ፤ በሐምሌ 1962 ደግሞ 45 ቶን የሚመዝን ተሽከርካሪ ሲያልፍበት ተሰብሮ ቁልቁል ሰመጠ። ከሥሩ የነበሩት ግድግዳዎች ደግፈው ያዙትና ሰው አልሞተም። ሲመረመር ስንጥቆቹ የጀመሩት የት ነው? ለማጠናከር ተብሎ በተሸካሚው ብረት ላይ የተጨመረው ላሜራ በሚያልቅበት፣ በብየዳው ዳር። አንዳንዶቹ ስንጥቆች ውስጥ ቀለም ተገኘ። ድልድዩ ሳይመረቅ፣ ገና ፋብሪካ እያለ ተሰንጥቆ ቀለም ተቀብቶበት ነበር ማለት ነው! እኛ ያየናት ተለጣፊ ላሜራ ያኔ ዓይናችን ላይ መጣች።

እንግሊዝን ከዌልስ የሚያገናኘው የሴቨርን ድልድይም አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 ሲመረቅ ቀላልና ቀጭን በሆነው የብረት ወለሉ ተደነቀ። አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ በወለሉ ብየዳዎች ላይ ስንጥቅ ታየ። የወለል ብየዳ ድካም ከዚያ ወዲህ ነው ራሱን የቻለ ጥናት የሆነው።

ቤይሊ የሚያውቀው ምስጢር

«በአገራችን ትልልቆቹ ድልድዮች እኮ ኮንክሪት ናቸው» ትሉን ይሆናል። ልክ ናችሁ። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የአባይ በረሃው የሕዳሴ ድልድይ ኮንክሪት ነው። ብረት የሚያገኘን ጎርፍ ድልድይ ሲወስድና ቤይሊ ሲተከል፣ እንዲሁም እንደዚያች ትንሽ የገጠር መሻገሪያ ባሉት ላይ ነው።

ቤይሊ ደግሞ ራሱ አስተማሪ ነው። እንግሊዛዊው ዶናልድ ቤይሊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሲያወጣው እያንዳንዱ ክፋይ 3 ሜትር ርዝመትና 260 ኪሎ ገደማ ክብደት ኖሮት ስድስት ሰው እንዲሸከመው አደረገ። ክፋዩ የሚበየደው ፋብሪካ ውስጥ፣ በልክ በተሠራ ማሰሪያ ተይዞ ነው። ወንዙ ዳር የሚሠራው ማገጣጠም ብቻ ነው፤ በፒንና በብሎን። ልብ በሉ፣ የተጣደፈ ወታደር ወንዝ ዳር ብየዳ እንዲነካ አልተፈለገም። እኛስ? ክፋዩ ሲጎዳ ኤሌክትሮድ ይዘን እንሮጣለን። የቤይሊ ብረት ከተራው የጠነከረ ነው፤ የጠነከረ ብረት ደግሞ ያለ ዝግጅት ሲበየድ ከተራው ይበልጥ ለስንጥቅ የተጋለጠ ነው። የኪንግ ስትሪቱም እንዲሁ ጠንካራ ብረት ነበር።

ጥፋቱ የማን ነው?

እዚህ ጋ «በያጁ አያውቅም» ብለን ብንዘጋው ቀላል ነበር። ግን አሰላ ያየነው ልጅ ያውቃል። እጁ ያውቃል። የማያውቁት ከእጁ በላይ ያሉት ናቸው።

አሰላ ለብረት ሥራ እንግዳ አይደለችም። የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1967 የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን (ብዙዎች «ካዱ» የሚሉትን) እዚያ ሲያቋቁሙ ከስንዴው ዘርና ከማዳበሪያው ጎን የተሻሻለ ማረሻና ጋሪም ይሞከር ነበር። ዛሬም የግብርና መሣሪያ ምርምር ማዕከል እዚያው አለ። የሚገርመው ደግሞ፣ በያጆቻችን በየቀኑ የሚያቃጥሉትን በሽፋን የተለበጠ ኤሌክትሮድ የፈለሰፈው ኦስካር ኬልበርይ የተባለ ስዊድናዊ ነው፤ ኢሳብ የተባለውን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1904 የመሠረተው እሱ ነው። ኤሌክትሮዱ ከዓለም ዳርቻ አሰላ ደረሰ። ከኤሌክትሮዱ ጋር አብሮ መድረስ የነበረበት ዕውቀት ግን ከአፍ ወደ አፍ፣ ከጋሼ ወደ ልጅ ብቻ ይተላለፋል። ጋሼ ነገ ቢያርፉ ግማሹ አብሯቸው ይሄዳል።

ለባለ እጅ ያለን ንቀትም የቆየ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ እስኪያስነግሩ ድረስ የደረሰ ንቀት ነው። ዛሬ ስድቡ ቀርቷል። ንቀቱ ግን ጨረታ ሰነድ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፤ የሲሚንቶው ዓይነት ይጠየቃል፣ የብረቱ ውፍረት ይጠየቃል፣ «ማን ይበይደዋል? በምን ቅደም ተከተል?» የሚል ግን አናይም። ድልድይ ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጠው ይታወቃል። ብረቱን የቆረጠውን የሚያውቅ አለ?

«እናንተ ልጆች፣ ድሃ አገር ነን እኮ! ሕዝቡ ወንዝ መሻገር ነው የሚፈልገው፣ እናንተ ስለ ማይታይ ውጥረት ትፈላሰፋላችሁ» የሚለን አይጠፋም። ይህን ክርክር አንንቀውም። ክረምት ላይ ወንዝ ሞልቶ ወላድ ከዚህኛው ዳር ስትቀር ማንኛውም ድልድይ ከምንም ይሻላል። ነገር ግን እስቲ ዋጋውን እንቁጠር። ከመሐል ወደ ዳር፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ፣ በአጭር በአጭሩ መበየድ ስንት ብር ያስወጣል? ምንም፤ ትዕግሥት ብቻ። በእሳት የተቆረጠን ጠርዝ በግራይንደር አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ማንሳት? የአንድ ዲስክ ዋጋ። ወፍራሙን ብረት ከመበየድ በፊት ማሞቅ? ትንሽ ጋዝ። በየሱቁ በሚገኘው 6013 ፈንታ ለዋና ተሸካሚ ብረት 7018 የሚባለውን ኤሌክትሮድ በደረቁ ጠብቆ መጠቀም? ይህ ትንሽ ይከብዳል፤ በአሰላ ክረምት ኤሌክትሮድ እርጥበት ከጠጣ ብየዳው ውስጥ ሃይድሮጂን ይገባና ስንጥቅ ያስከትላል፤ ማድረቂያ ምድጃ ያስፈልጋል። ቢሆንም ከድልድይ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። በየዓመቱ ማስበየድስ ነፃ ነው እንዴ?

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። አንደኛ፣ የትኛውም ወረዳ የብረት ድልድይ ሲረከብ የአበያየዱ ቅደም ተከተል በጽሑፍ ይሰጠው፣ የበየደውም ሰው ስም ይመዝገብ። ለመክሰስ አይደለም፤ ለማክበር። ሁለተኛ፣ ስንጥቅ የታየበትን ድልድይ የሚያውቅ ሰው ሳያየው ማንም አይበይደው። እስከዚያው የስንጥቁን ጫፍ በድሪል መብሳትና የከባድ መኪናውን ጭነት መቀነስ ጊዜ ይገዛል፤ ከጥድፊያ ብየዳ ይሻላል። ሦስተኛ፣ ባለሥልጣን የነበረው፣ አሁን የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የሚባለው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 አውጥቶ በ2013 ያሻሻለው የድልድይ ዲዛይን ማኑዋል አለው። መሐንዲስ ያነበዋል። ለበያጅ የሚሆን፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ፣ ሥዕል የበዛበት አሥር ገጽ ቢዘጋጅ ምን ይከብዳል? አራተኛ፣ የብቃት ምዘናው በያጁን መስመሩ ማማሩን ብቻ አይጠይቀው፤ ብረቱን ከመጎተት እንዴት እንዳዳነውም ይጠይቀው።

ላሜራዋ

ከአሰላ ስንመለስ ጋሼ የጎበጠችዋን ላሜራ ሰጡን። «ውሰዷት፣ ምንም አታደርግልንም» አሉ። አሁን የምንጽፍበት ጠረጴዛ ላይ ናት። የመጣ እንግዳ ሁሉ «ይቺ ምንድን ናት?» ይለናል። ቀጥ ለማድረግ የሞከሩም አሉ፤ አትሰማም።

እኛ ግን ስለ እሷ አንጨነቅም። እሷ የሆዷን ተናግራ ጨርሳለች። የምንጨነቀው ስለዚያች ገበያ መንገድ ላይ ስላለችው፣ ቀጥ ብላ ስለምትታየው፣ አይሱዙ ሲረግጣት «ቋ» ስለምትለው ነው። አራተኛው ስንጥቅ ሲወጣ ኤሌክትሮድ ይዞ ከመሮጡ በፊት አንድ ሰው ጋሼን ቢጠይቃቸው ምን አለበት?